ጃንሆይ ስንት ነጥብ አገኙ? ከደሴ አንድ የታሪክ ክበብ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። በአንድ የክርክር ርዕስ ምክንያት ክበቡ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። እንዴት እንደደረሰና እንዴት እንደቀጠለ መዝግቤ ማስቀመጥ ፈለግሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ጥፋቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ ትልቁ ስለሆነ እሱን አልደብቅም።

## ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ክበቡ 30 ያህል አባላት አሉት። አብዛኞቹ 11ኛ ክፍል ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እንሰበሰባለን። የክርክር ርዕስ አምጡ ስላቸው «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፦ ጀግና ወይስ በዳይ?» የሚል አመጡ። ቲክቶክ ላይ አይተውት ነው። «ጥሩ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም።

ማሰብ ነበረብኝ። ለዚህ ጥያቄ ደሴ እንደ ሌላው ከተማ አይደለችም።

አንደኛ፣ ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት። አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ተሻሩ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሡ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ግርግር አልጋ ወራሽ ሆነው የወጡት ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ የወሎ ቤት ውስጥ ቂሙ ከረሃቡ በፊት የነበረ ነው። ደግሞ እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ከተማችን የሚኮራበት የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእቴጌይቱ እናት ነው። ቂሙም ዝምድናውም አንድ ግቢ ነው የሚያድረው።

ሁለተኛ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ከመዝመታቸው በፊት የጦር ሰፈራቸው ደሴ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ቀይ መስቀል ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ጃንሆይ ዋሻ አልገቡም። ከአውሮፕላን መቃወሚያ መሣሪያ ጀርባ ሆነው ተኮሱ። ያ ፎቶ ዓለምን ዞሯል።

ሦስተኛው የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ነው። ስለሱ ደሴ ላይ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

## የክርክሩ ቀን

ሁለት ቡድን ተሰየመ። የ«ጀግና» ቡድን ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ መጣ። የ«በዳይ» ቡድን በረሃብ የከሳ ሕፃን ፎቶ ይዞ መጣ። እዚያው ማቆም ነበረብኝ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ከዚያ አንዱ ልጅ «ፈሪ ባይሆን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ሸሽቶ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ምን ይሠራል?» አለ። ከወዲያኛው ወገን አንዷ ተነሳች። «እኛስ በ2014 ከደሴ ስንወጣ ፈሪ ነበርን?» አለችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቹ በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ አብዛኞቹ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የወጡ ናቸው። አንዳንዶቹ አልወጡም። «እኛ ንጉሥ አይደለንም!» ሲል ልጁ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ስለ 1928 የሚያወራ አልነበረም። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን ቤት ተዘረፈ ሆነ።

እኔ ደግሞ ለማረጋጋት ብዬ የባሰውን አደረግሁ። «እሺ፣ በድምፅ እንወስን» አልኩ። እጅ ተቆጠረ። 17 ለ12፣ ጀግና።

የአሥራ ሁለቱ ወገን ከነበሩት አንዷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በማግስቱ አባቷ መጣ። ቁጡ ሰው አይደለም። «መምህር፣ እናቴ በስልሳ አምስት ሁለት ልጅ ቀብራለች። ልጄ ትናንት ማታ ‹አያቴ በድምፅ ተሸነፈች› ብላ አለቀሰች» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ልጆቹ ተለያይተው መቀመጥ ጀመሩ። አንደኛው ወገን «የዘውድ ልጆች» ተባለ። ሌላው «ደርጎች»። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ ክበቡን ልዝጋው አለ። ለምኜ አራት ሐሙስ አገኘሁ። ቅድመ ሁኔታው «ሁለተኛ እጅ ሲቆጠር እንዳልሰማ» የሚል ነበር።

## የነጥቡ ሰሌዳ

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሒሳብ ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ግራው መደመሪያ፣ ቀኙ መቀነሻ። ልጆቹ አንድ አንድ ሥራ እያነሱ ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ። ግራ ላይ በ1934 የወጣው ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ፣ በ1943 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያደረጉት ንግግር፣ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ መመሥረቱ። ቀኝ ላይ ስደቱ፣ በኅዳር 1955 የኤርትራ ፌዴሬሽን መፍረሱ፣ ረሃቡ። (ፌዴሬሽኑ የፈረሰውና ድርጅቱ የተመሠረተው በአንድ ዓመት ውስጥ መሆኑን ያኔ ነው እኔም ልብ ያልኩት።)

ተደመረ፣ ተቀነሰ። ጃንሆይ 7 ነጥብ ተረፋቸው።

ያቺ ልጅ ተመልሳ መጥታ ነበር። እጇን አወጣች። «የአያቴ ሁለት ልጆች ስንት ነጥብ ናቸው?»

ሰሌዳውን አጠፋሁት። ዝም ብዬ ቆምኩ። ከኋላ የተቀመጠ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤተሰቦቹ ሱቅ ያላቸው ልጅ ነው ያዳነኝ። ያለው ይህን ነው፦ «ቲቸር፣ እኛ ሱቅ የዱቤ መዝገብ አለ። ሐሰን ስለከፈለ የከበደ ዕዳ አይሰረዝም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ነገር በዚያ መንፈቅ ዓመት አልሰማሁም። ዩኒቨርሲቲ ለገባው ተማሪ የተከፈለው ቆላ ላይ ለሞተው ሕፃን አልተከፈለም። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ገጽ ልደምር እየሞከርኩ ነበር። ክርክሩም፣ ድምፁም፣ ነጥቡም የተበላሹት በዚሁ ነው።

## አንተና አንቱ

ሁለተኛው ሐሙስ ያልጠበቅኩት ነገር ውስጥ ገባን። አንዱ ወገን «እሳቸው» ይላል። ሌላው «እሱ» ይላል። ማንም ገና ምንም ሳይከራከር ፍርዱ ግሱ ላይ አልቋል። «መጡ» ያለ ጀግና ብሏል። «መጣ» ያለ በዳይ ብሏል።

ሁሉም ሰው አንቱ ይበል ብዬ ደንብ አወጣሁ። ታላቅ ሰው ናቸው፣ ሞተዋል፣ ባህላችንም ነው። «ቲቸር፣ መንግሥቱንስ አንቱ እንላለን?» ተባልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አንቱ ብዬ አላውቅም።

በስተመጨረሻ የተስማማነው፣ ሲናገሩ ሁሉም እንደለመደው፣ ሲጽፉ ግን ሁሉም በአንቱታ፣ ሌላውንም መሪ ጨምሮ። ፍጹም መፍትሔ አይደለም። ግን አንዱ የሌላውን አነጋገር ማረሙ ቀረ፤ ግማሹ ጠብ ከዚያ ነበር የሚነሳው።

## ሰውየውን ትተን ውሳኔውን

በዱቤ መዝገቡ መንገድ ሄድን። ሰውየውን ወደ ጎን አስቀምጠን ሦስት ውሳኔዎች መረጥን፦ በ1928 ደሴ ላይ መቆየት፣ በዚያው ዓመት ከአገር መውጣት፣ በ1965 ዝም ማለት። ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት። በወረቀቱ ላይ አራት ጥያቄ ብቻ፦ በዚያ ቀን ምን ይታወቅ ነበር? ሌላ ምን ምርጫ ነበረ? ዋጋውን ማን ከፈለ? ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ?

የመጀመሪያው ወረቀት በቀላሉ አለቀ። ማንም አልተጣላም።

ሁለተኛው ላይ ልጆቹ ከጠበቅኩት በላይ ቆፈሩ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ተሸነፈ፤ ሲያፈገፍግም አሸንጌ ላይ በመርዝ ጋዝ ተመታ። መኳንንቱ ሲመክሩ አብዛኛው «ይውጡ» አለ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃወሙ። ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ቀሩ። ማነው ዋጋውን የከፈለ የሚለው ላይ አንዱ «አርበኞቹ፣ አምስት ዓመት» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ባይወጡ ጄኔቭ ላይ ማን ይናገር ነበር?» ብላ ከሥሩ ጻፈች። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ቆዩ። ቀደም ሲል «ፈሪ» ያለው ልጅ ቃሉን አላነሳም። «መውጣታቸው ልክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አልወደውም» አለ። ይህን ልዩነት በቃል ማስቀመጡ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ሦስተኛው ወረቀት ከባድ ነበር። ነገሩን በቀን በቀን ደረደርነው። በ1965 ከወሎ በእግራቸው አዲስ አበባ ለመድረስ የሞከሩ ገበሬዎች በፖሊስ ተመለሱ። የተራቡ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡት ፎቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ታየ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አገሩ ላይ ተላለፈ፤ ዓለም ያኔ ሰማ። የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል።

አንዱ «አልነገሯቸውም፣ በዙሪያቸው ያሉት ደበቋቸው» አለ። ይህ ክርክር ደሴ ውስጥ በየቤቱ አለ። መልሱ ከአንዲት ዝምተኛ ተማሪ መጣ። የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንብባ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ ነው ይላል። «ሥልጣኑን ሁሉ ለብቻው የያዘ ሰው ‹አልነገሩኝም› ማለት አይችልም። እንዲነግሩት ያላደረገው ራሱ ነው» አለች። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ ያልተዘጋጀሁበት ነገር ተከሰተ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ስለዚህ ረሃብ ያሳየውን ነገር አመጣሁላቸው። በዚያ ክፉ ቀን ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እህል በመኪና እየተጫነ ከወሎ ይወጣም ነበር። ገበሬው ከብቱም አዝመራውም አልቆ መግዣ አጣ እንጂ ገበያው ባዶ አልነበረም። መንገዱም መኪናውም ነበረ።

አንዱ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። ወንድ አያቱ ያኔ የእህል ነጋዴ ነበሩ። «ታዲያ አያቴ ሌባ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

መሪ ላይ ስንፈርድ ሁላችንም ዳኛ ነን። ውሳኔን ስንከተል ግን መንገዱ በየሳሎናችን ያልፋል። ያን ቀን ትምህርቱን ቶሎ ጨርሼ ከልጁ ጋር እስከ ፒያሳ በእግር ሄድን። «አያትህ የሸጡት ለሚገዛ ነው። ለማይገዛው ማድረስ የማን ሥራ ነበር?» አልኩት። ያን ያህል አልረካም። እኔም ብሆን አልረካም ነበር።

## ሽማግሌዎቹ

አራተኛው ሐሙስ ሦስት ሰው ጋበዝን። አንደኛው አባታቸው ማይጨው የዘመቱ አባት ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ መምህር። ሦስተኛዋ የዚያች ልጅ አያት ናቸው። ቡና ተፈላ፤ ክፍሉ እጣን እጣን ሸተተ።

አዛውንቱ ገና ሲጀምሩ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ። ልጆቹን የሚቆጡ መስለው ነበር። ከዚያ ግን አባታቸው ከማይጨው ቆዳቸው ተልጦ እንደተመለሱና እስኪሞቱ ድረስ ጃንሆይን በክፉ ማንሳት ቤት ውስጥ ክልክል እንደነበር አወሩ። ሰገሌን ያነሱት ጡረተኛው መምህር ናቸው። «ወሎ ቂሙን ረስቶ አይደለም የዘመተው» አሉ። አዛውንቱ መለሱላቸው፦ «እቴጌስ የማን ናት?» ሁለቱ ሽማግሌዎች ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። ልጆቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

እማማ እስከዚያ አልተናገሩም። ቶና ከተቀዳ በኋላ አንዱ ተማሪ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። «እማማ፣ ለእርስዎ ጃንሆይ ጀግና ናቸው ወይስ በዳይ?»

«ልጄ፣ ጃንሆይን የት አውቃቸዋለሁ? እኔ የማውቀው ጭቃ ሹሙን ነው። አዝመራው ጠፍቶ ግብር ሊቀበል የመጣው እሱ ነው።»

የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። «አብሽሪ» አሏት፣ ጀርባዋን መታ መታ አድርገው። ሌላ ምንም አላሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ «ማን ከፈለ» ከሚለው ሥር አምስተኛ ጥያቄ ጨመሩ። «በማን እጅ?» የሚል። እኔ አላዘዝኩም።

## ያልሠራው

ለሽማግሌዎቹ ሰዓት አልመደብኩም። ስህተት ነበር። አክብሮት መስሎኝ ዝም አልኩ፤ እማማ ለመናገር የቀራቸው አሥር ደቂቃ ብቻ ሆነ።

ስልክም አልሰበሰብኩም። ከልጆቹ አንዱ የእማማን ንግግር ቀርጾ «ጃንሆይን የት አውቃቸዋለሁ» ከምትለው ጋር ሙዚቃ አድርጎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰዎች ንቀት ነው ብለው ሰደቧቸው። በሁለተኛው ቀን አስወረድነው። የእማማ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። የሳቸው ጥያቄ «ፊቴ ይታያል እንዴ?» የሚል ብቻ ነበር።

ይህን አጋጣሚ ግን ተጠቀምኩበት። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። የረሃቡ ምስል እውነት ነው፤ የተቆረጠበትና የተቀጠለበት ዓላማ ግን ሌላ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ደርግ በ1977 መግቢያ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ኮረም ላይ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። ቪዲዮውን የለቀቀው ልጅ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በላይ መቅጣት አላስፈለገኝም።

ሁሉም አልተቀየረም። ከድምፁ ቀን ጀምሮ ያልተመለሱ አራት ልጆች አሉ። ሁለቱ ጋ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ አልሆነም።

## ለሌላ መምህር

ተመሳሳይ ነገር ሊሞክር ለሚያስብ የምለው ትንሽ ነው። «ጀግና ወይስ በዳይ» የሚለውን ርዕስ ከተማሪ አትንጠቁ፤ እሱ ነው የሚያመጣቸው። ግን በመጀመሪያው ቀን ወደ ውሳኔና ወደ ቀን ቀይሩት። ሦስት ውሳኔ ይበቃል። አምስት አድርጌ ብጀምር ኖሮ አንዱም አያልቅም ነበር።

እጅ አታስቆጥሩ። በድምፅ የሚሸነፍ የልጅ አያት አለ።

ስለ አገር መሪ ከመጀመራችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ የማን ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት በዝግታ እወቁ። እኔ የሰማሁት ልጅቷ ካለቀሰች በኋላ ነው። የነጋዴውን የልጅ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አላሰብኩትም። የሚጎዳው የሟች ወገን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌ ስትጋብዙ ከሁለት አትብለጡ። ከሹም ይልቅ የተሾመበትን ጥሩ። ስልኩን በር ላይ ሰብስቡ።

የራሳችሁን አቋም በተመለከተ እኔ እስከ መጨረሻው ደበቅሁ። አሁን ሳስበው ልክ መሆኔን እጠራጠራለሁ። ልጆቹ ያውቁት ነበር፤ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ድምፄ ሲለወጥ ሰምተዋል። በመጨረሻው ቀን ብነግራቸው የተሻለ ነበር ብዬ አስባለሁ። የኅዳር 26ቱ ሰው ደፋር ነበሩ። የ1965ቱ ዝምታ በእሳቸው ገጽ ላይ ያልተከፈለ ነው። ሁለቱ ገጾች አይገናኙም።

## አሁን ያለበት

ወረቀቶቹ ተጠርዘው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ክበቡ አልተዘጋም። ልጆቹ ለሚቀጥለው ርዕስ መንግሥቱን መርጠዋል፤ በአንቱታ ጽፈው ነው ያመጡት። እማማ በልጅቷ በኩል ልከውብኝ «ሰባ ሰባትን የምታውቅ ጎረቤት አለችኝ፣ መቼ ነው የምንመጣው?» ብለዋል። የፈቃድ ደብዳቤውን ለምክትሉ ካስገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ስጠይቀው «እያየሁት ነው» ይለኛል።